አዳማ ላይ ኮራል ለምታሳድጉ፦ አልካሊኒቲው የሚናጋው ከመተኪያው ውሃ ነው

ድንጋያማ ኮራል አጥንቱን የሚገነባው ከውሃው ውስጥ ካልሲየምና ባይካርቦኔት እየወሰደ ነው። ባሕር ሰፊ ስለሆነ የወሰደው አይታወቅም። 200 ሊትር በሚይዝ የቤት አኳሪየም መስታወት ውስጥ ግን አክሮፖራና ሞንቲፖራ የሚባሉ ጥቂት ድንጋያማ ኮራሎች፣ ድንጋዩን የሚያለብሰው ሐምራዊ አልጌ ተጨምሮበት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጡ በመለኪያ እስኪታይ ድረስ ውሃውን ያራቁቱታል። ስለዚህ የተወሰደውን በየቀኑ መመለስ የግድ ነው። ስለ አመላለሱ የተጻፈው ምክር አብዛኛው ግን የቧንቧ ውሃው ለስላሳ፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ አየሩ እርጥብ የሆነ አገር ታስቦ የተጻፈ ነው። አዳማ ላይ ሦስቱም አይገኙም። እዚህ አልካሊኒቲ፣ ማለትም በአብዛኛው ከባይካርቦኔት የሚመጣው ውሃው አሲድ ሲገባበት የመቋቋም አቅሙ፣ ከቦታው የሚንቀሳቀሰው ከኮራሉ ይልቅ በተነነው ውሃ ምትክ በምንጨምረው ውሃ ምክንያት ነው፤ ይህን የያዘ ሰው ከሥራው ግማሹን ጨረሰ ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹ ይታወቁ። ጨዋማነቱ በሺህ 35 የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 410 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ 1,280 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ ከ6.5 እስከ 7 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) አልካሊኒቲ አለው። ለቤት አኳሪየም ካልሲየም ከ400 እስከ 440፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350፣ አልካሊኒቲ ከ7.5 እስከ 8.5 ዲኬኤች ጥሩ ነው። አልካሊኒቲ የውሃውን አሲድነት ከሚለካው ከፒኤች ጋር መምታታት የለበትም። አንዳንዶች ኮራሉ ቶሎ እንዲያድግ ብለው ወደ 11 ያወጡታል። ናይትሬቱና ፎስፌቱ በጣም ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ አልካሊኒቲ የአክሮፖራውን ጫፍ ያነጣዋል፤ እኔ አልመክረውም። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ አለመወዛወዙ ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ 7.5 ላይ የቆመ ውሃ በየሳምንቱ ከ7 ወደ 10 ከሚመላለስ ውሃ እጅግ የተሻለ ነው።

አንድ ስሌት ደግሞ በቃል መያዝ አለበት። ኮራሉ 1 ዲኬኤች አልካሊኒቲ ሲወስድ አብሮ የሚወስደው ካልሲየም በሊትር 7 ሚሊግራም ብቻ ነው። አልካሊኒቲው ከ8 ወደ 6 ሲወርድ፣ ማለትም ሩቡ ሲያልቅ፣ ካልሲየሙ ከ420 ወደ 406 ቢወርድ ነው፤ ይህን ያህሏን ልዩነት የቤት መለኪያ በቅጡ አይለያትም። ስለዚህ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚለካው አልካሊኒቲ ነው፤ ለካልሲየም በሳምንት አንዴ፣ ለማግኒዥየም በወር አንዴ ይበቃል።

መተኪያው ውሃ

የከተማው የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በአካባቢው ብዙ የጉድጓድ ውሃም አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የራሱ ጠባይ አለው፦ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ፍሎራይድና ሲሊካ ይዞ ይወጣል፤ ካልሲየሙ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ወንጂ አካባቢ የሰውን ጥርስ ያበላሸው ፍሎራይድም ከዚሁ ጠባይ የመጣ ነው፤ ውሃው ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ፍሎራይዱን አስሮ የሚያስቀር ነገር ይጠፋል። ለኮራል አሳዳጊ ትርጉሙ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በጀሪካን እያመጣችሁ የተነነውን ስትተኩ፣ ሳታውቁት በየቀኑ ካልሲየም የሌለው አልካሊኒቲ እየጨመራችሁ ነው።

በቁጥር እንየው። አልካሊኒቲው በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 300 ሚሊግራም የሆነ ውሃ አለ እንበል። ለ17.9 ሲካፈል 16.8 ዲኬኤች ይሆናል። የታሸገ ውሃ ልጣፍ ላይ የተጻፈው የባይካርቦኔት መጠን ከሆነ ደግሞ ለ21.8 ይካፈላል። ከ200 ሊትሩ በቀን 5 ሊትር ቢተን፣ ይህ ውሃ በየቀኑ 0.42 ዲኬኤች ያስገባል። የኮራሎቹ ፍጆታ 0.4 ከሆነ አልካሊኒቲው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ካልሲየሙ ግን በየቀኑ በ3፣ በሳምንት በ20 ሚሊግራም እየወረደ ይሄዳል። አልካሊኒቲው ሳይነቃነቅ ካልሲየሙ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ኮራሉን አትጠርጥሩ፤ ጀሪካኑን ጠርጥሩ። ለስላሳ ኮራል (ድንጋያማ አጥንት የማይገነባ) ብቻ ባለበት አኳሪየም ደግሞ ያው ውሃ አልካሊኒቲውን በሳምንት በ3 ዲኬኤች ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ትርፉ በማሞቂያውና በፓምፑ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል።

መፍትሔው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ነው፤ ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን ጨው ያስቀራል። በመጨረሻው ላይ የተረፈውን የሚለቅም የዲአይ ሬዚን ይኑረው። ሦስት ነገር ልብ በሉ። ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ግን በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ብቻ ስለሚሰጥ፣ ፎቅ ከሌለው ቤት ጣሪያ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ የግፊት ፓምፕ ካልተገጠመለት ሜምብሬኑ ብዙ ውሃ እየደፋ ጥቂት ብቻ ያሳልፋል። ሁለተኛ፣ የቧንቧው ክሎሪን ሜምብሬኑን ስለሚበላ የካርቦን ፊልተሩን በጊዜው ቀይሩ። ሦስተኛው ሲሊካ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው በጠቅላላ የሚያሳየው የቲዲኤስ መለኪያ ሲሊካን ብዙም አያየውም፤ ሬዚኑ ሲደክም ደግሞ ቀድሞ የሚያመልጠው እሱ ነው። መለኪያው ዜሮ እያሳየ መስታወቱና አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ አልጌ ከበዛ ሬዚኑን ቀይሩ። የሚደፋውን ውሃ ወለል ለማጠብና ለሽንት ቤት አውሉት።

በክረምት የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ያጓጓል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ አትሞክሩት፤ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

ስለ ጨው ደግሞ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ በአፋር ጨው የባሕር ውሃ መሥራት ይቻላል ወይ? አይቻልም። ከባሕር ውሃ ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም፣ ኮራሉ የሚኖረው በቀሪው ውስጥ ባሉት ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት ነው። የአኳሪየም ጨው ተወደደ ተብሎ ሩቡን እንኳ በገበታ ጨው መተካት እነዚህን ሁሉ በሩብ መቀነስ ነው።

መለኪያውን ሳታምኑ ውሃውን አታስተካክሉ

መለኪያ ኪቶች ወደ እኛ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ በሻንጣ፣ በሙቀት ተንገላተው፣ ጊዜያቸውም ተቃርቦ ነው። የአልካሊኒቲ ኪትን ቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፦ 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር ንጹሕ የተጣራ ውሃ አሟሙ፤ ከዚያ 100 ሚሊሊትር ቀድታችሁ በንጹሕ ውሃ 1 ሊትር ሙሉ። ይህ ውሃ 10 ዲኬኤች ነው። ኪቱ 11 ካነበበ ስህተቱን አወቃችሁ፤ ንባባችሁን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ግራሙን ለመመዘን ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም።

የጨው መለኪያው ሪፍራክቶሜትርም እንዲሁ ይፈተናል። 36.5 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም ንጹሕ ውሃ ሲሟሟ በሺህ 35 ማንበብ አለበት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨዋማነቱ ወደ 32 የወረደ ውሃ ካልሲየሙም ማግኒዥየሙም አብረው ስለሚወርዱ፣ ሰው ካልሲየም ጎደለ ብሎ ዱቄት ይጨምራል። የጎደለው ጨው ነው። ሁልጊዜ ጨዋማነት ይቅደም።

አልካሊኒቲን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። የኪቱ ስሪንጅ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ካለ አስወጡት፤ በትንሽ ስሪንጅ ላይ አንድ አረፋ ግማሽ ዲኬኤች ሊያሳስት ይችላል።

ፍጆታን ማወቅ

ምንም ሳትጨምሩ፣ ውሃም ሳትቀይሩ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ እየተካችሁ ለ3 ቀን ቆዩ። በመጀመሪያው ቀን 8.6፣ ከ3 ቀን በኋላ 7.4 ካገኛችሁ በቀን 0.4 ዲኬኤች ትጠቀማላችሁ ማለት ነው። ለስላሳ ኮራል ብቻ ያለው ሰው ልዩነቱን ላያየው ይችላል፤ ለእሱ በሳምንት 10 በመቶ ውሃ መቀየር ይበቃዋል፣ ሌላ ምንም አይግዛ። የውሃውን ልክ ስታሰሉ ግን የመስታወቱን ቁመትና ስፋት ብቻ አትውሰዱ፤ ድንጋዩና አሸዋው ከያዙት ቦታ የተረፈው ውሃ ነው የሚቆጠረው።

የኖራ ውሃ

ለአዳማ አየር ከሁሉ የሚስማማው የኖራ ውሃ ነው ብዬ አምናለሁ። ካልሲየምንና አልካሊኒቲን ኮራሉ በሚፈልገው ልክ አብሮ ይሰጣል፤ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል፤ ተጨማሪ ጨውም አይተውም። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ከሚተነው ውሃ በላይ መጨመር አይቻልም። ሌላ አገር ብዙዎች የሚተውት በዚህ ነው። ይህች ከተማ ግን ኮረብቶቿ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት፣ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ናት፤ ትነት አይቸግረንም።

የምትጠቀሙበት ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ለምግብ ወይም ለላቦራቶሪ የተዘጋጀ ይሁን። ለግድግዳ ቅብ የሚሸጠው ኖራ ውስጥ ሸክላ፣ ብረትና ያልተቃጠለ ድንጋይ ስለሚቀላቀል አይሆንም። ዱቄቱ አየር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ የማይሟሟ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡት። የጠገበ የኖራ ውሃ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ግራም ያህል ሟሙቶበት ከዚያ በላይ የማያሟሟ፣ 800 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና 115 ገደማ ዲኬኤች ይይዛል፤ ፒኤቹ 12.4 ነው። ይህ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ስትበጠብጡ መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

ለ200 ሊትሩና ለ0.4 ዲኬኤቹ የሚያስፈልገው በቀን 1.06 ግራም ብቻ ነው። ውሃው እስኪጠግብ ድረስ አትበጥብጡት። በቀን የሚተነው 5 ሊትር ከሆነ በየሊትሩ 0.2 ግራም ከትንሽ በላይ ጨምራችሁ መተኪያ ውሃው ራሱ መድኃኒቱ እንዲሆን አድርጉ። እንዲህ የቀጠነ የኖራ ውሃ ሌላ ጥቅምም አለው። መተኪያውን ውሃ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ መዝጊያ ቢበላሽና 5 ሊትሩ በአንዴ ቢወርድ አልካሊኒቲው የሚጨምረው 0.4 ነው፤ ኮራሉ ይችለዋል። 5 ሊትር የጠገበ የኖራ ውሃ በአንዴ ቢወርድ ግን ወደ 3 ዲኬኤች ይጨምራል፤ ፒኤቹ ከ9 ሊያልፍ ይችላል፣ ውሃውም እንደ ወተት ይነጣል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የግሉኮስ ቱቦ ለማንጠብጠብ ከዶዚንግ ፓምፕ (ፈሳሽን በልክ ከሚጨምር ፓምፕ) ባልተናነሰ ይሠራል፤ ጠብታውን በመቆጣጠሪያ ጎማው ታስተካክላላችሁ። ጠብታው ፓምፕ ውሃውን በኃይል በሚያንቀሳቅስበት ቦታ ይውረድ። ፒኤች በተፈጥሮው የሚወርደው ማታ የአኳሪየሙ አምፖል ከጠፋ በኋላ ስለሆነ ሌሊት መጨመር ይመረጣል። የቱቦው ጫፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ በየሳምንቱ በኮምጣጤ እጠቡት።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ወቅቱን ነው። ኖራው መተኪያ ውሃው ውስጥ ከሆነ መጠኑን የሚወስነው ትነቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ሲረጥብ ትነቱ ከ5 ወደ 3 ሊትር ቢወርድ፣ ኮራሉ እንደ ቀድሞው እየበላ የሚገባለት ግን 0.24 ዲኬኤች ብቻ ይሆናል። በሳምንት ከ1 ዲኬኤች በላይ ጠፋ ማለት ነው። በበጋ ነፋስ፣ በተለይ ውሃውን ለማቀዝቀዝ ማራገቢያ ከተከፈተበት፣ ትነቱ 7 ሊትር ሲደርስ ደግሞ በዚያው ልክ በሳምንት 1 ዲኬኤች ይተርፋል። ስለዚህ ኖራውን በሊትር አትቁጠሩ፣ በቀን ቁጠሩ። የቀኑ ድርሻ 1.06 ግራም ነው፤ 3 ሊትር ከተነነ በሊትር 0.35፣ 7 ሊትር ከተነነ በሊትር 0.15 ይሆናል። የመተኪያውን ዕቃ በማርከር በሊትር ምልክት ካደረጋችሁበት ትነቱን በአንድ እይታ ታውቁታላችሁ።

ሁለቱ ጠርሙሶች

ፍጆታው ከፍ ሲል፣ ወይም ኖራው ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር፣ ሁለት ፈሳሽ ለየብቻ ይዘጋጃል። በአንደኛው ሊትር 73.5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት፣ በሁለተኛው ሊትር 84 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይሟሟል። ከሁለቱም እኩል 36 ሚሊሊትር በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ አልካሊኒቲን በ1 ዲኬኤች፣ ካልሲየምን በ7 ሚሊግራም ያነሳል። ለምሳሌያችን በቀን ከየጠርሙሱ 29 ሚሊሊትር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትጨምሩ፤ እዚያው ተገናኝተው ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። ቢያንስ 10 ደቂቃ አራርቁ።

ሱቅ ስትገዙ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ፤ እሱ ውስጥ አሲድና ስታርች አለ። ሶዳው ብቻውን ፒኤችን ከፍ አያደርግም። ቤቱ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ፣ ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲበዛ ሳሎኑ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና የአኳሪየሙ ፒኤች ወደ 7.8 ሊወርድ ይችላል። አልካሊኒቲው ደህና ሆኖ ፒኤቹ ብቻ ከወረደ ምንም አትጨምሩ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ወይም የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) የአየር ቱቦ ወደ ውጭ አውጡት። ከዚያም ካልተሻለ 84 ግራሙን ሶዳ ዘይት ነክቶት በማያውቅ ንጹሕ ብረት ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ አድርቁት። ዱቄቱ የሚፈላ ይመስል ይንቀሳቀሳል፤ ሲረጋ መዝኑት። 53 ግራም ከደረሰ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ተቀይሯል፤ ያው 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሙት፣ መጠኑ አይለወጥም።

ካልሲየም ክሎራይዱ ከአየር እርጥበት ይስባል። የተጓጎለ ወይም የረጠበ ከሆነ ሚዛኑ ውሃ ነው የሚመዝነው፤ ዱቄቱ አጭበረበረ እንዳትሉ። ሲሟሟ ይሞቃል፤ ስለዚህ ዱቄቱን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። የሁለቱ ጠርሙሶች ሌላ ዕዳ ጨው ነው። በዚህ ልክ ዓመቱን ሙሉ ከተጨመረ፣ ውሃ ካልተቀየረ፣ ጨዋማነቱን ከ35 ወደ 38 ያደርሰዋል።

ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም የቱንም ያህል ቢጨመር አልቆም ካለ ማግኒዥየሙን ለኩ። ማግኒዥየም ሁለቱ ውሃው ውስጥ እንዳይረጉ የሚከላከል ነው፤ ከ1,200 ሲወርድ የጨመራችሁት ሁሉ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። በ100 ሊትር ውሃ ማግኒዥየሙን በሊትር በ10 ሚሊግራም ለማንሳት 10 ግራም ኤፕሰም ሶልት (ማግኒዥየም ሰልፌት) ወይም 8.4 ግራም ማግኒዥየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት ይበቃል። ኤፕሰሙ ሰልፌት ስለሚያከማች ለአንድ ጊዜ ማስተካከያ እንጂ ለዘወትር አይሁን።

መብራት ሲጠፋ

ፓምፑ ሲቆም የግሉኮሱ ቱቦ አይቆምም። ኖራው በማይንቀሳቀስ ውሃ ላይ እየተንጠባጠበ እዚያው ይረጋል፤ ከስሩ ያለውን ኮራልም ያቃጥላል። ቤት ካላችሁ ቱቦውን ዝጉ፤ ከሌላችሁ መከላከያው ዕቃው ውስጥ የአንድ ቀን ድርሻ ብቻ መያዝ ነው። ዶዚንግ ፓምፕ ያላችሁ፣ ባትሪ የሌለው ሰዓት ቆጣሪ መብራት ሲመጣ ካቆመበት እንደሚቀጥል አትርሱ፤ የሌሊቱ ጠብታ ቀን ላይ ይወድቃል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነውና፣ ጨለማው ከረዘመ ከኬሚስትሪው በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይቅደም።

የተዛባውን ስትመልሱ መጀመሪያ የትኛው እንደተዛባ ለዩ። አልካሊኒቲው ብቻ 5 ላይ ከተገኘ፣ በ100 ሊትር 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 1 ዲኬኤች ያነሳል፤ በቀን ከዚህ አትለፉ። ካልሲየሙ ብቻ ከወረደ በ100 ሊትር 3.7 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በሊትር 10 ሚሊግራም ያነሳል፤ በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ አያስፈልግም። አልካሊኒቲው 11 ወይም 12 ላይ ወጥቶ ካገኛችሁት አሲድ አትጨምሩ፤ ማንጠብጠቡን አቁማችሁ በንጹሕ ውሃ ብቻ እየተካችሁ ኮራሉ ራሱ እስኪያወርደው ጠብቁ። 8.5 ሲደርስ የቀኑን ድርሻ በግማሽ ጀምሩና በሦስተኛው ቀን ለክታችሁ ሙሉውን መልሱ።